ፎሶሊያው መሃል የነበረው እባብ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምት፣ ጋምቤላ ኒውላንድ ሰፈር በተከራየሁት ቤት ነው። ዝናብ በጀመረ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ድንጋጤውም ሐፍረቱም አብረው ይመጡብኛል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ያኔ ለሥራ ወደ ጋምቤላ ከመጣሁ አሥር ወር ሆኖኝ ነበር። ኑሮዬ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነው። ቅዳሜና እሑድን ከማንም ጋር አንዲት ቃል ሳልለዋወጥ የማሳልፍበት ጊዜ ብዙ ነበር። እህቴ ከአዲስ አበባ የላከችልኝን የሐምራዊ ፎሶሊያ ዘር አጥሩ ሥር የዘራሁትም እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው። መደገፊያ ቀርከሃ ተከልኩለት። ዝናቡ ተስማማውና ሐረጉ ከቁመቴ በላይ ወጣ።

አንድ እሑድ ጠዋት በርጩማ ላይ ቆሜ ከላይ ያለውን ፍሬ ስለቅም፣ እጄ አጠገብ ያለው ሐረግ ተንቀሳቀሰ። አረንጓዴ እባብ ነው። ጭንቅላቱ ከክንዴ አንድ ስንዝር አይርቅም።

ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ጎረቤት ልጥራ ብዬ አፌን ስከፍት የምጠራው ስም አጣሁ። አሥር ወር ስኖር የአንድም ጎረቤት ስም አላውቅም!

«የሰው ያለህ!» ብዬ ጮህኩ።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት አኙዋክ እናት ረጅም ዱላ ይዘው ገቡ። ከሩቅ ከመተያየት በቀር ተነጋግረን አናውቅም።

«ዝም በይ። እጅ አታንሺ» አሉኝ ቀስ ብለው።

በዱላው ጫፍ ሐረጉን ገለል ሲያደርጉት እባቡ ተንሸራቶ ሣር ውስጥ ገባ። ከበርጩማው ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውም አጠገቤ ቁጭ አሉ። ወደ ቤቴ በር አዩ።

«ሌላው ሰው ለምን አልወጣም?»

«ሌላ ሰው የለም እማማ። ብቻዬን ነኝ።»

«ውሃ ስታጠጪ ወሬ እሰማለሁ። ሰው አላት ብዬ ነው ያልመጣሁት።»

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ውሃ ሳጠጣ የማወራው ከፎሶሊያው ጋር ነበር። እያፈርኩ እውነቱን ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ስል አልሳቁም።

«እኔ ከፍየል ጋር» አሉ። ልጆቻቸው ርቀው እንደሚኖሩ፣ ስማቸው አሪየት እንደሆነ የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው።

የለቀምኩትን ቀቅዬ አብረን በላን። ሐምራዊው ፍሬ ሲበስል አረንጓዴ ሆኖ ሲያዩት ግን ከልባቸው ሳቁ።

ዛሬም የምኖረው ብቻዬን ነው። እማማ አሪየት ግን ሲያልፉ ይጠሩኛል፣ እኔም እጠራቸዋለሁ። ከአንድ አጥር ግራና ቀኝ ሆነን፣ እኔ ለፎሶሊያ እሳቸው ለፍየል ስናወራ ያለፈው አሥር ወር እስካሁን ይቆጨኛል።