በወይራ የታጠነው የሳነቴ ጭቃ

ሰኞ ጠዋት ከድሬዳዋ በሊቶሪና ባቡር ተነሣን፤ እኔና ጋሼ ታደሰ። እሳቸው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። እኔ ፋጡማ ነኝ፤ የመጋላ ሰፈር ልጅ፣ ፊደል በራሴ የቆጠርኩ። ኦሮምኛ ስለምችል አስተርጓሚም ወጥ ሠሪም ሆኜ ተከተልኳቸው። የባሌው የሳነቴ ተራራ ድሮ በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር አሉ፤ ጋሼ ያ በረዶ መቼ ለቆ እንደሄደ ማወቅ ይፈልጋሉ። ልባቸው ታሟል። ሐኪሙ ይቺን ጉዞ በስንት ልመና ፈቅዶ፣ ከዚህ በኋላ ተራራ የለም ብሏቸዋል።

አዋሽ ላይ አምስት ብርቱካን በስሙኒ ገዝቼ እየላጥኩላቸው፣ "ወላሂ ጋሼ፣ በረዶው ከሄደ ሄደ፤ መቼ መሄዱ ምን ያደርግልዎታል?" አልኳቸው።

"ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ሲጠይቀኝ 'አይታወቅም' እያልኩ አስተማርኩ። አንድ ቀን እንኳ አውቄው ልሙት።"

ናዝሬት አድረን፣ በአሰላ በኩል በጭነት መኪና አቧራ እየጠጣን፣ ከስንት እንግልት በኋላ ጎባ ገባን።

አዴ ሃሊማ ቤት

ተራራው ሥር ያሳደሩን አዴ ሃሊማ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። ጋሼ ስድስት ባለ ክዳን ጣሳ ሰጡኝና "ንጹሕ ይሁኑ፤ ምንም ባዕድ ነገር እንዳይገባባቸው" አሉ። እዚያ አገር የወተት ዕቃ ስለታጠበ ብቻ ንጹሕ አይባልም፤ በወይራ ጭስ ይታጠናል። እኛም ዘንድ ለግመል ወተት እንዲሁ ነው። ከአዴ ሃሊማ ጋር አጥበን፣ ውስጣቸው እስኪጠቁር አጠንናቸው። እፍ እፍ ስል ዓይኔ አለቀሰ።

ሳነቴ ላይ

በበቅሎ ወጣን። ብርዱ ለድሬዳዋ ሰው የሚነገር አይደለም! በረዶው ገፍቶ አምጥቶ የተወውን የድንጋይ ክምር ጋሼ አሳዩኝ፤ ልክ እንደ ግድብ ነው። ከኋላው ረግረግ አለ። በረዶው እንደለቀቀ የበቀለው የመጀመሪያ ሣር ከሁሉም ሥር በስብሶ ተቀብሯል፤ ያንን ጭቃ ውጭ አገር ያለ ቤተ ሙከራ መርምሮ ዕድሜውን ይናገራል። ጋሼ የብረት ቱቦ እየሰኩ ከታች ጥቁሩን ጭቃ እያወጡ ጣሳዎቹ ውስጥ ከተቱ። እጃቸው ጭቃ ስለሆነ ጣሳ የምከፍተውም የምከድነውም እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ ቱቦው ተሰብሮ ረግረጉ ውስጥ ቀረ። "ግድ የለም፤ የምፈልገውን ይዣለሁ" ብለው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ስንወርድ ደስታቸው ተጋብቶብኝ አፌ አላርፍ አለ።

"ጣሳዎቹ እንኳን ለጭቃ ለወተትም ይሆናሉ! በወይራ ነው ያጠንናቸው።"

በቅሎዋን አቆሙ። "ምን አልሽ?"

"ንጹሕ ይሁኑ ብለው..."

አንዱን ከፍተው ክዳኑን በጣታቸው ጠረጉ። ጥላሸት።

"ፋጡማዬ፣ ጥላሸት ካርቦን ነው፤ ቤተ ሙከራው ዕድሜ የሚቆጥረውም ካርቦን ለክቶ ነው። የአምናን ወይራ ከጥንቱ ሣር መለየት አይችልም።"

"አቦ ጋሼ፣ እንመለስና እንቆፍር!"

"በየትኛው ቱቦ? በየትኛውስ ልብ?"

ክዳኑን መልሰው ገጠሙና በቅሎዋን ወደ ጎባ ነዱ። ምነው በተቆጡኝ።

ድሬዳዋ

ጣቢያው ላይ ባለቤታቸው "ቀናችሁ?" ብለው ተቀበሉን። ጋሼ "ፋጡማ ባትኖር ተራራውን አልወጣውም ነበር" አሉ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ከአልጋ አልወረዱም። ሰው ንጹሕ ሲል ከምን ንጹሕ ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ እንዳለብኝ ተማርኩ፤ ለማን እንደሚጠቅም እንጃ። አንባቢዎቼ፣ ሳነቴ ከወጣችሁ ጭቃው እዚያው አለ። ጣሳውን በውኃ ብቻ እጠቡት። የበረዶውን ዘመን ስታውቁ ግን፣ ለጋሼ ትደርሱላቸዋላችሁ ብዬ አልዋሽም።