በሬዬና የጣልያኑ ፒያኖ

በጣልያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ከገባው ነገር ሁሉ እንደዚያ ፒያኖ የከበደ አልነበረም፤ ታንኩን ጨምሮ ማለቴ ነው። ከካሚዮን ሲያወርዱት ምድር ተንቀጥቅጣ ደምበጫ ድረስ እንስራ ተሰንጥቋል ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን ወታደሮች አንዱን በሬዬን ለሥጋ ነዱብኝ። ጊዜው እርሻ ነው፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ልለምን ከጣልያኑ ሹም ደጅ ብቆም፣ አስተርጓሚው አወቀኝ።

"እርስዎ በገና ደርዳሪው አይደሉም? የጌታዬን ፒያኖ ዝናብ መትቶት ድዳ ሆኗል። ካናገሩት በሬዎን ይመልሳል።"

"ከዚህ የባሰ ድዳ አናግሬያለሁ፤ አማቴን" አልሁት። አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም፤ ደጅ መጥናቱ ጉልበቴን ጨርሶት ነበር።

ቤት አስገብቶኝ የፒያኖውን ክዳን ብከፍተው ሆዱ ሙሉ አውታር ነው፤ የእኔ በገና የበግ አንጀት፣ የእሱ ሽቦ። ጥርስ የሚመስለውን እንጨት ፊቱን ሲጫኑት ጀርባው ይነሣል። ያን ጊዜ የተጠቀጠቀ የበግ ፀጉር የለበሰች መዶሻ ብድግ ብላ ሽቦውን ትመታና ወዲያው ትመለሳለች፤ ካልተመለሰች ያናገረችውን ራሷ ታፍነዋለች። ጣት ሲነሣ ደግሞ ሌላ ለስላሳ ነገር ሽቦው ላይ ተለጥፎ ዝም ያሰኘዋል። ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን ከኋላ ያለው ሰፊ ሳንቃ ነው፤ ሽቦ ብቻውንማ ድምፁ የትንኝ ነው። የእኔም በገና ሆዱን የሚሸፍነው ቆዳ ከሌለ እንደዚያው።

መዶሻዎቹ በእርጥበት አብጠው ተጣብቀዋል። ፍም በገል አድርጌ ከሥራቸው አዋልሁ። ሲመሽ አንዷን ብነካ ጠራች። ከግቢው ማዶ በሬዬ እምቧ አለ።

እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ግን ድምፁ ራቁቱን የወጣ መሰለኝ። በገና ከአውታሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ ካልገባለት አይነዝርም፤ እንዲያ ያለውን ይዞ የሚቀርብ ደርዳሪ ይታማል። ሥራዬን እንዳላጎድል ብዬ በየሽቦው ሥር ቆዳ ወተፍሁ።

ጠዋት ሹሙ ጣቱን ቢያሳርፍ ቤቱ የንብ ቀፎ ሆነ። እኔ ልቤ ተነካ። እሱ ፊቱ በርበሬ መስሎ ጮኸ።

"ምን አለ?" አልሁት አስተርጓሚውን።

"አበላሸው ነው የሚል። ሁሉንም ያውጡ፤ ሳያወጡ በሬ የለም።"

ሽቦው ከሰማይ ኮከብ ይበዛል። ዓይኔ እስኪፈዝ በካራ ጫፍ ስለቅም ዋልሁ። ሹሙ መታው፤ ጠራ፤ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀልኝ። ወደ ጓሮ ብሮጥ ግን ወጥ ቤቶቹ አልጠበቁኝም። አስተርጓሚው መሬት መሬት እያየ፣ "የተረፈውን ይውሰዱ" አለኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ፣ "በሬውስ?" አለች።

የበሬውን ቆዳ ዘረጋሁላት።

"እስቲ ጥመደው እንግዲህ!"

ያን ክረምት በሬ ለሚያውሰኝ ጎረቤት ሳርስ ከርሜ፣ የራሴን ማሳ የዘራሁት ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው። ቆዳውን ሰው ሁሉ ለበገና አድርገው ይለኛል። እኔ ጀንዲ አድርጌ እተኛበታለሁ፤ ደክሞኛል።