ካርድ ብቻ የሚቀበለው ልብስ ሰፊ

የልብስ ሰፊው የራሱ ኮሌታ ተተርትሯል። ከገበያው ርካሽ የሆነችውን የካርድ መክፈያ ማሽን ግን እንደ አራስ ልጅ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟታል። የኮት ቁልፍ ያስተከለች ሴትዮ ጥሬ ገንዘብ ብትዘረጋለት ፊቱን አዞረ።

«በካርድ ይሁንልኝ፣ እትዬ።»

«ለአንዲት ቁልፍ? ባንክ ከፈትክ እንዴ?»

«ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው!»

ኔትወርክ ፍለጋ ማሽኗን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጎ መንገድ መሃል ተገተረ። ሴትዮዋ «ወይ ጉራ!» ብላ ሳቀችበት።

ክፍያው እንደገባ እንደወትሮው ስልኩ ጮኸ። ጥላው የሄደችው ሚስቱ ናት፤ የባንክ ሂሳቡ በስሟ ስለሆነ የክፍያው መልእክት የሚደርሰው ለእሷ ነው።

«ዛሬም ሥራ ገብተሃል ማለት ነው። አልጠጣህም?»

«እስካሁን አልቀመስኩም» አለና፣ ስልኩ እንደተዘጋ ቀጣዩን ደንበኛ በዓይኑ ይፈልግ ጀመር።