አፈር የከለከለችው ሴት

ሲላፋጋ ክፉ ሴት አልነበረችም። ግን ደሴታችን ሞቱሎአ ላይ ከመርከብ የሚወርድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የእሷን ኮስታራ ፊት ስለሆነ ክፉ ተባለች። ሰሌኑን ዘርግታ፣ ቅርጫቱን አራግፋ፣ የጫማውን ሶል ገልብጣ ሳታይ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። «አማትሽ ብትመጣም ትፈትሻታለሽ አሉ» ሲሏት፣ «እሷንማ ሁለቴ» ትላለች።

ነገሩ የጀመረው በአገራችን ዋና ደሴት በፉናፉቲ ነው። በወጣትነቷ ለሕክምና ሄዳ ዘመዶቿ ጋ ስትከርም መርዝ የሚረጭ ቢጫ ጉንዳን ጓሮውን ሁሉ ወርሶት አየች። ሸርጣኖቹ በመርዙ ዓይናቸው ጠፍቶ እዚያው ይዞራሉ፤ ወፎቹ ጫጩቶቻቸውን ጥለው ሄደዋል። እኛ ጋ ያ ጉንዳን የለም፤ የለመድነውም ራት ሸርጣንና ወፍ ነው። ተመልሳ ጉንዳኑ አፈር ውስጥ ተደብቆ እንደሚጓዝ ለሽማግሌዎቹ አስረዳች፤ አፈር የነካው ነገር ሁሉ እንዳይገባ ተወሰነ። ሐሳቡን ያመጣሽው አንቺ ነሽ ተብሎ ጥበቃው በእሷው ላይ ተጣለ።

አምና በደረቁ ወራት ታናሽ ወንድሟ ፔኒታላ ፉናፉቲ ላይ ሞተ።

እዚህ ላይ ስለ ፑላካ መናገር አለብኝ። ፑላካ እንደ ጎደሬ ያለ ተክል ነው፤ በጥልቅ ጉድጓድ ይተከላል፣ ጨው አይወድም። የሲላፋጋ አባት የተከለው ዘር በአገሩ የታወቀ ነበር። አንድ ዓመት ማዕበል ጉድጓዱ ገብቶ ጨረሰው፤ የተረፈው ፔኒታላ ቀድሞ ወደ ፉናፉቲ ይዞት የሄደው ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ፑላካን ከአፈሩ አንለይም። አፈሩን ምን ዓይነት ብስባሽ እንደሚያበሉት እያንዳንዱ ቤተሰብ ይደብቃል፤ ለምራት እንኳ የሚነገረው ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ሬሳው በሳጥን ሆኖ በጀልባ ወጥቶ አሸዋው ላይ አረፈ። የሟቹ ሚስት ሴፖላ በቅጠል ቅርጫት የተጠቀለለ የፑላካ ችግኝ አቅፋ ወረደች።

«እትዬ፣ ይቺን እንኳ አትንኪብኝ» አለች። «አደራ ናት። ጉድጓዱ ከጨው ጠርቷል ሲባል ሰምቶ፣ ‹እዚያው መልሰሽ ትከይልኝ› ብሎኝ ነው የሞተው።»

«አፈሩን ለምን አመጣሽው፣ ሴፖላዬ?»

«ያለ አፈሩማ ምኑን ፑላካ ሆነ? አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

እውነቷን ነው። ሲላፋጋ ቅርጫቱን ተቀብላ ለፍተሻ በዘረጋችው ሸራ ላይ አስቀመጠችው። አፈሩን በጣቷ ከፈት ስታደርገው ቢጫዎቹ ተርመሰመሱ።

ወዲያው አፈሩን የባሕር ውሃ ሞልቶ በተቀመጠው ባልዲዋ ውስጥ ገለበጠችው። ሥሮቹን ቆረጠች። ግንዱ ይተርፍ ይሆናል ብላ የውጭውን ቅጠል ከሥሩ ገነጠለች፤ እጥፋቱ ውስጥ ጉንዳን አለ። ሁለተኛውንም ገነጠለች፤ አለ። የአባቷን ዘር እየገፈፈች እግዜርን ትለምን ነበር። የመጨረሻውን ስትከፍት እንቡጡ ሥር ነጫጭ እንቁላሎች ታዩ፣ መሐላቸውም ከሌሎቹ ወፍራም የሆነች እናት ጉንዳን ነበረች። ከዚያ በኋላ የሚተከል ነገር አልቀረም። እንቡጡን ለሁለት ሰንጥቃ ጨው ውሃው ውስጥ ደፈቀችው።

ሴፖላ ባልዲው አጠገብ መጥታ የተንሳፈፈውን ቅጠል አየች።

«ልጆቼን ምን ልበላቸው?» አለች። «አክስታችሁ ቆራርጣ ጨው ውሃ ውስጥ ከተተችው ልበላቸው?»

«እንደዚያው በያቸው።»

«እንግዲያው ሳጥኑንም ፈትሺው እንጂ! እሱም የመጣው ከፉናፉቲ ነው።»

ለሽሙጥ ነበር ያለችው። ለቀብሩ የመጣው ፓስተር «ሴፖላ፣ ይብቃ» አላት። ሲላፋጋ ግን ሳጥኑን አየችው። ዙሪያው በሰሌን ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ የአበባ ጉንጉን ታስሮበታል። በእርግጥም ከፉናፉቲ ነው የመጣው።

«ልክ ነሽ» አለችና ተንበረከከች።

ጉንጉኑን ፈትታ ባልዲው ውስጥ ጨመረች። ሰሌኑን ገልጣ አራገፈች። ከዚያ የሳጥኑን መጋጠሚያ ከራስጌው እስከ ግርጌው በጣቷ እየዳሰሰች፣ ዓይኗ እንጨቱን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ጎንበስ ብላ ተመለከተች። ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቃት፤ አንድም የቀለደ አልነበረም።

«ንጹሕ ነው። ይግባ» አለች።

ተሸካሚዎቹ ቀረቡ። እሷ ግን እዚያው ሳጥኑ ላይ ተደፍታ ቀረች፤ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያለች ስታለቅስ ያነሳቻት ሴፖላ ናት።