አኩሪ አተር ነው ያልሁት

በ2005 ዓ.ም. ነበር፤ ክረምት፣ የፍልሰታ ጾም በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን። ያን ቀን ያደረግሁትን ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርሁም። ለባለቤቴ አልተናገርሁም። ለልጄ አልተናገርሁም። በየዓመቱ ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ ሐሜቴን ተናዝዣለሁ፤ ቁጣዬን ተናዝዣለሁ፤ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሐሳቤ ወደ ቤቴ መሄዱን ሳይቀር ተናዝዣለሁ። ይህን ግን ዘለልሁት። እየዘለልሁም ቆረብሁ። የሚያነበኝ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ይወቅብኝ።

ብዙ መናገር አላውቅበትም። እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

እኔ ጥሩ እባላለሁ፤ ባለቤቴ ደምሌ ገበሬ ነው። የምንኖረው ከመካነ ሰላም ከተማ ዳር ነው። ያለችን ልጅ አንዲት ናት፤ የሺ ትባላለች። በትምህርቷ ብርቱ ስለነበረች ጃፓን ድረስ ተላከች። እዚያው ሥራ ያዘች፤ እዚያው የአገሯን ልጅ አገባች። ካገባች ስድስት ዓመት ቢሆናትም ልጅ አልወለደችም ነበር። ስልክ ስትደውል እኛ አንጠይቃትም፤ እሷም አታነሣውም። ስልኩ ሲዘጋ ግን ደምሌ ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ብቻውን ይቆማል።

በዚያ ዓመት የሺ ደውላ፣ «እማዬ፣ አንቺና አባባ ከተጋባችሁ ዘንድሮ ሠላሳ ዓመት ሞላችሁ። በዓሉን እኔ ጋ መጥታችሁ ታከብራላችሁ» አለችኝ። ደነገጥሁ። በእኛ ዘንድ የሙት ዓመት ይቆጠራል እንጂ የሠርግ ዓመት ማን ይቆጥራል? ሠርጋችን በጥር ነበር። እሷ ፈቃድ የምታገኘው በነሐሴ ስለሆነ በዓላችንም ወደ ነሐሴ ዞረ።

ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ደምሌ በዚህ ምክንያት ሊቀር ነበር። የነፍስ አባታችን፣ «መንገደኛ ነህ፤ ያቅምህን ያህል ጹም፤ ይታዘንልሃል» አሉት። እሱ ግን ከእሳቸው ዘንድ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ማርያም ሄደ። አብሬው ነበርሁ። ከደጇ ላይ ተንበርክኮ፣ «በሰው አገር እነዚህን አሥራ አምስት ቀናት የእንስሳ ነገር ባፌ ሳይገባ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል ሳልቀምስ እጾማለሁ። አንቺ ለየሺ ልጅ ስጪያት። ከሰጠሻት ልጁን ይዤ መጥቼ በደጅሽ እመሰክራለሁ» ሲል ሰማሁት። እንግዲህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ለመንገድ የአቀስታ ገብስ ቆልቼ፣ አስፈጭቼ፣ አንድ ከረጢት በሶ ያዝሁለት። ሌላ ምግብ እንደማያምን አውቃለሁ። በሶ በእኛ ብርድ ለወራት ይቀመጣል። የጃፓን ነሐሴ ግን ወበቅ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ያልበዋል። በሳምንቱ ከረጢቱን ስፈታው በሶው ሻግቷል። ደምሌ አሸተተው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንግዲህ በአንቺ እጅ ነኝ። አንቺ ጾም ነው ካልሽኝ ጾም ነው» አለኝ።

በአንቺ እጅ ነኝ አለኝ። ይህን ያለኝ ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ነው።

የሺ በየቀኑ ሩዝና ባቄላ ትቀቅልልን ነበር። እኔ አቀርብለታለሁ፤ እሱም ሳይጠይቅ ይበላል። ከመመለሳችን በፊት በነበረው ቀን፣ ይኸውም በጾሙ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ የሺ የበዓላችን መደምደሚያ ብላ ወደ ትልቅ የመጫወቻ ቦታ ወሰደችን። ለልጆች የተሠራ መስሎኝ ነበር፤ ግማሹ ሰው ግን አዋቂ ነው። እንደ ቤተ መንግሥት ያለ ሕንፃ አለ። የሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች አሉ። ዣንጥላ የያዙ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ተሰልፈዋል።

እውነቱን ልናገርና፣ ያን ቀን ስጠብቀው ነበር። የሺ አስቀድማ በስልኳ አንዲት ጀልባ አሳይታኝ ነበር፤ አበባ በተንጠለጠለበት ዋሻ ውስጥ በውኃ ላይ ቀስ ብላ የምታልፍ። አባይ ከአገራችን ሩቅ አይደለም፤ ጀልባ ላይ ግን ወጥቼ አላውቅም። እኔ የማውቀው መንገድ የገበያ ነው፤ የለቅሶ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ነው። ለጨዋታ ተብሎ ከቤቴ የወጣሁበት ቀን ያ ብቻ ነው። ያችን ጀልባ ተመኘኋት።

ከበሩ ላይ ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም ብለው ከቤት የያዝነውን ሩዝ በሳጥን አስቆለፉን። ወደ ጀልባዋ የሚወስደው ወረፋ ረጅም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ፀሐዩ ከላይ፣ ወበቁ ከታች። ደምሌ ግራጫ መሰለ፤ ከወረፋው ወጥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ጥሩዬ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ» አለኝ። «ወደ ቤት እንግባ።»

የሺ ከወረፋው ሆና ጮኸች። «አባባ፣ አንዴ ይጠብቁኝ! ሄጄ ሩዙን ላምጣልዎ!»

በሩ ሩቅ ነው፤ ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እሷ ከወጣች ወረፋችን ይሄዳል። ከፊታችን የቀረው ደግሞ ጥቂት ሰው ነበር።

«አንቺ ከዚያ እንዳትነቃነቂ!» አልኋት። «እኔ አለሁለት።»

ከወንበሩ ማዶ አይስ ክሬም የሚሸጥ ጋሪ ነበር። ሄድሁ። በጣቴ አሳየሁና ገዛሁ። ጋሪው ላይ ላም ተሥላለች፤ ነጭና ጥቁር፣ ጡቷ የሞላ ላም። አየኋት። ፊደላቸውን አላነብም፤ ላም ግን አውቃለሁ። ተመልሼ ሰጠሁት።

«ምንድን ነው?» አለኝ።

«አኩሪ አተር ነው» አልሁት። «የሺ ጾም ነው ብላለች።»

በአንድ ትንፋሽ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ፤ አንዱን በራሴ ስም፣ አንዱን በልጄ ስም። እሱ አማተበ። በላ። ሌላ አመጣሁለት። ሦስተኛም አመጣሁለት። ፊቱ ተመለሰ።

ስለ ጤናው ብዬ ነው ልል እችላለሁ። ስድስት ዓመት ለራሴ እንዲህ ስል ኖሬያለሁ። ግን ለጤናው ከሆነ ሩዙስ ምን ሆነ? ሩዙ በሳጥኑ ውስጥ ነበር። ልጄ ላምጣ ብላለች። ያስቀረኋት እኔ ነኝ። የባሌን ስለት፣ የልጄን ማኅፀን የለመነበትን ጾም፣ በጀልባ ወረፋ ለወጥሁት። የሠራሁት ይህ ነው። ሌላ ስም የለውም።

ጀልባዋ ላይ ወጣን። ደምሌ እንደ ልጅ ሳቀ። ዋሻው ውስጥ ስንገባ እጄን ያዘኝ፤ ስንወጣም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አልለቀቀኝም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በሰው ፊት እጄን ይዞ አያውቅም። ደስ አለኝ። ይህንንም አልደብቅም፤ ደስ አለኝ። ስንመለስ አውሮፕላን ላይ የጾሙ ፍቺ ደረሰ። ዕንቁላል አቀረቡለት። አማተበና፣ «ተመስገን! አሁን ተፈታ» አለ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

አገር ቤት ስንገባ ውሸቴ ቀድሞኝ ቤት ሠራ። ደምሌ ላገኘው ሰው ሁሉ ስለ አኩሪ አተር ያወራል። እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ እንደ ማር ይጣፍጣል፤ ደግሞም ጾም ነው! ጎረቤታችን ይማም ይስቅበታል።

«ደምሌ፣ ጃፓን ድረስ ሄደህ ያገኘኸው ባቄላ ነው? ወላሂ፣ ለባቄላስ ወረኢሉ ይበቃህ ነበር!»

እሱ ግን ከግብርና ባለሙያው ለምኖ፣ ከቆላ ዘር አስመጥቶ፣ ከቤታችን ጓሮ ዘራው። የመጀመሪያውን ውርጭ መታው። በሁለተኛው ክረምት ሁለት እፍኝ ያህል አገኘ። ቀቅዬ፣ ወቅጬ፣ በስኳር በጥብጬ፣ ደጅ አስቀምጬ አቀዘቀዝሁለት። ቀመሰና ከንፈሩን ላሰ።

«ምን ጎደለው?» አለኝ።

«ስኳር ይሆናል» አልሁት።

ያም ውሸት ነው። እሱንም እዚህ ላይ ጻፉብኝ።

ከጃፓን በተመለስን በሦስተኛው ወር የሺ እንዳረገዘች ደወለች። ደምሌ ስልኩን እንደያዘ መሬት ሳመ። «ጾሜን ተቀበለችልኝ!» አለ። እኔ ግን ፈራሁ። የትኛውን ጾም? የሌለውን ጾም? ስለቱ በውሸት ላይ ቆሟል፤ እመቤቴ ብታዝንብኝስ? በልጄ ላይ ቢመጣስ? እስክትወልድ ድረስ ስልክ በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ አማተብሁ። ልጅቱ በሰላም ተወለደች። ደምሌ ፍልሰታ ትባል አለ። ፍልሰታ ተባለች። ስሟን በጠራሁ ቁጥር ያች ላም ትታየኝ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ የሺ ልጇን ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣች። ፍልሰታ አምስት ዓመቷ ነው። ዶሮዎቹን ስም እያወጣች ስትጠራ ትውላለች። ደምሌ የተሳለው ልጁን ይዞ ሊመሰክር ስለነበር እስከዚያ ጠብቋል። በነሐሴ አሥራ አምስት ከሰዓት በኋላ፣ ማግስቱ የማርያም በዓል ነው፣ ጓሮ ተቀምጦ ልጅቱን በጭኑ አድርጎ ምስክርነቱን ይለማመዳል።

«ምእመናን፣ በሰው አገር አሥራ አምስት ቀን አንዲት የእንስሳ ነገር ባፌ አልገባችም...»

ውኃ ይዤ ሳልፍ ነበር የሰማሁት። ነገ ይህን በእመቤቴ ደጅ፣ በሕዝብ ፊት ሊል ነው። እሱ እውነት ነው ብሎ ነው የሚናገረው። ውሸቱ የእኔ ነው። እስከዚያ ቀን በእኔ ሆድ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ነገ በእሱ አፍ ሊወጣ ነው። ጀሪካኑን አስቀመጥሁ።

«ፍልሰታ፣ ሂጂ እናትሽ ጋ» አልኋት። ሄደች።

«ደምሌ፣ ነገ እንዲህ አትበል። ጾምህን አስፈትቼሃለሁ። ያ አይስ ክሬም ወተት ነበር። እያወቅሁ ነው የሰጠሁህ።»

ጣቱን እንደሚቆጥር ሰው አጠፈ።

«ሦስቱም?» አለኝ።

«ሦስቱም።»

«ላሟን እኮ እኔም አይቻት ነበር» አለ። «ሦስተኛውን ስታመጪ ከወንበሩ ሆኜ አየኋት። ጥሩ ብላኛለች፤ ጥሩ አትዋሸኝም ብዬ ዓይኔን ተውሁት።»

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። አልመታኝም። ቀና ሲል ዓይኑ አኩሪ አተር የተዘራበት መደብ ላይ አረፈ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ቀረብሁ። እየሳቀ ነበር።

«አንቺ ሴት! ሁለት ክረምት አስቆፈርሽኝ እኮ! ይማም ይህን ቢሰማ ከዚህ አገር መሰደዴ ነው።»

እኔ አልሳቅሁም፤ አለቀስሁ። እጁን ዘርግቶ ነጠላዬን ያዘ።

«አብሽሪ» አለኝ። «አብሽሪ፣ ጥሩዬ። ለእኔ የነገርሽኝን ለአባታችን ንገሪ።»

ለየሺ በስሟ መዋሸቴን ነገርኋት፤ ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድሁ። ሁሉን ነገርኋቸው፤ እየደበቅሁ መቁረቤንም ነገርኋቸው። በእሱ ገሠጹኝ። ቀኖናዬን ሰጡኝ፤ አሁንም እየፈጸምሁት ነው። ስለ ልጅቱ ፈርቼ ስጠይቃቸው ግን፣ «ልጄ፣ እመቤታችን ፍልሰታን የሰጠችው የደምሌን ሆድ ፈትሻ ነው እንዴ?» አሉኝ። እየሄድሁ ሳለሁ ሰውነቴ ሲቀለኝ ተሰማኝ። ለካ ስድስት ዓመት ስፈራው የኖርሁት፣ የማመሰግንበት ነገር ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ደምሌ ፍልሰታን በእጁ ይዞ ቆመ። «ስለቴን እንደ ቃሌ አልፈጸምሁም» አለ። «በሰው አገር ሳላውቅ ጾሜን ፈትቻለሁ። እሷ ግን ጉድለቴን አልፋ ሰጠችኝ። ይቺውና!» ሴቶቹ እልል አሉ። አጠገቤ የቆመችው፣ «ምስኪን፣ የሰው አገር ምግብ ምን ይታወቃል!» አለች። የእኔን ስም አላነሣም። ሸፈነኝ።

እሱ የሸፈነውን እዚህ የገለጥሁት፣ ምስጋናው ሙሉ እንዲሆን ብዬ ነው። የሰው አገር ምግብ አላሳሳተውም። ያሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ አውቄ ነው። ያነበባችሁኝ ሁሉ ይቅር በሉኝ። ማመካኛ የለኝም።

ቤት ስንገባ ጾሙ ተፈትቷል። ወደ ጋጣው ሄጄ ላሟን አለብሁ። ወተቱን በኩባያ ሞልቼ፣ ትኩሱን፣ ለደምሌ አቀረብሁለት።

«ምንድን ነው?» አለኝ፣ የሚያየውን እያየ።

«ወተት ነው» አልሁት።

«የላም?»

«የላም።»

አማተበና ጠጣ።