ማረሻውን ይዞ የመጣው ሰው

ልጅ ሳለሁ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ አያቴ ከምድጃው አጠገብ በርጩማው ላይ ይቀመጥና ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሰ ተረት ይነግረን ነበር። ቤቱ በጭስ ይሞላል፣ ኩራዙ ይርገበገባል፣ እኛም ዓይናችን እያነባ እንሰማዋለን። ያኔ ከሁሉ አብልጠን የምንፈራው፣ ከሁሉ አብልጠንም «ድገመው» የምንለው የቀጥቃጩን ተረት ነበር። ብረት ቀጥቃጩ ሲመሽ ጅብ ይሆናል። አንድ ገበሬ ጅቡን እግሩ ላይ በጦር ይወጋዋል። በማግስቱ ያው ገበሬ ማረሻ ሊያሠራ ሲሄድ ቀጥቃጩን ሲያነክስ ያገኘዋል። አያቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። የቀረውን እኛው በሐሳባችን እንጨርሰዋለን።

ከመንደራችን በታች፣ ወንዙ ዳር፣ አንድ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻውንም ማጭዱንም የሚሠራልን እሱ ነው፤ ከቤቱ ገብቶ እህል የሚቀምስ ግን አልነበረም። «ዓይኑ ይበላል» ይሉ ነበር። አባቴ ሲልከኝ ብረቱን ደጁ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። ወናፉን ሲነፋ፣ ብረቱን ሲያግል፣ ሲመታ፣ ከአጠገቡ ካለው የውሃ ገንዳ ሲነክር ከሩቅ አየዋለሁ። እንደገና እሳት፣ እንደገና ውሃ።

አንድ ቀን የተሠራውን ማረሻ ልቀበል ብሄድ ከጎጆው እያነከሰ ወጣ። እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። «ጅቡ!» ብዬ ጮኽኩና ባዶ እጄን እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ። አያቴ ሲሰማ «አላልኳችሁም?» አለ።

ከሰዓት በኋላ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደ። በዚያ ዝናብ ውስጥ ሰውየው ማረሻውን ተሸክሞ፣ እያነከሰ፣ አጥራችን ድረስ መጣ።

«እንኩ። መሬቱ ርሷል፤ ነገ ታርሳላችሁ» አለ። ከዚያ እኔን አየኝና ሳቀ። «አንተ ሯጭ፣ ያቃጠለኝ እኮ ያንተው ማረሻ ነው። ከነግለቱ እግሬ ላይ ወደቀ።»

ግባ ያለው አልነበረም። በማግስቱ በዚያ ማረሻ አረስን። ማታ አያቴ ተረቱን እንደወትሮው ተናገረ፤ እኔም እንደወትሮው ዝም ብዬ ሰማሁ።

የተማርኩት አራት ዓመት ብቻ ነው። ዕድሜዬ ያለቀው ከእርሻ ላይ ነው፤ ብዙ መናገርም አልወድም። አንድ ጊዜ ግን መናገር የማይገባኝን ተናግሬያለሁ። ልጄ እመቤት ማቀዝቀዣና ቬንትሌተር መጠገን ተምራ፣ ጅቡቲ ሥራ ማግኘቷን ስትነግረኝ «የኔ ልጅ ብረት ነካኪ፣ ቀጥቃጭ? እንግዲያው ደጄን እንዳትረግጪ» አልኳት። አራት ዓመት አልረገጠችም። ዘንድሮ እናቷ «ሄደህ ካላመጣሃት እኔም እሄዳለሁ» ስትለኝ፣ ሾፌር የሆነ የጎረቤት ልጅ በጭነት መኪናው አሳፍሮ ጅቡቲ፣ ባልባላ ከሚባለው ሰፈሯ አደረሰኝ።

እመቤት ጉልበቴን ሳመች፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠችኝ። ሁለት ቀን ከሰላምታ ያለፈ ነገር አላወራንም። የቤቷ ግማሽ መኖሪያ፣ ግማሽ ወርክሾፕ ነው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋና ቬንትሌተሩ ቆመ። የቆርቆሮ ጣሪያው ሙቀት ከላይ ይጫነን ጀመር። ያኔ ከጠረጴዛዋ ስር ከቲማቲም ጣሳ የተሠራ አንድ ነገር አወጣች። አናቱ ላይ የታጠፈ ሽቦ፣ ከጎኑ እንደ ጎማ የሚዞር ያረጀ ሲዲ አለው።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሞተር ነው አባባ። ስተርሊንግ ይሉታል። ከታች ስታሞቀው ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ ከላይ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ የሚዞረው በዚያ ነው። ትንሹ ከሠራልኝ፣ መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተር የሚያዞር ትልቅ እሠራለሁ።»

«ዞሮ ያውቃል?»

«እስካሁን እምቢ ብሎኛል።»

የከሰል ማንደጃው ላይ አስቀመጠችው። ሲዲውን በጣቷ ገፋችው፤ ትንሽ ዞረና ቆመ። እኔ ደግሞ ገበሬ ነኝ፤ አልበስል ላለ ነገር የማውቀው እሳት መጨመር ነው። ካርቶን አንስቼ ከሰሉን አራገብኩት። ሞተሩ ጭራሽ ፀጥ አለ።

«አባባ፣ ተው እንጂ! ከእሳት በቀር የምታውቀው የለም እንዴ? ላዩም ጋለ እኮ! በዚህ አገር ቀዝቃዛ ከየት ላምጣ?»

በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አባቷ ቆጥራ ስትቆጣኝ ሰማኋት። ደስ አለኝ። ወዲያው ያ የቀጥቃጩ የውሃ ገንዳ ትዝ አለኝ። ከአንገቴ ፎጣዬን አውርጄ ባልዲው ውስጥ ነከርኩና፣ ጨምቄ፣ የጣሳውን አናት ዙሪያውን ጠቀለልኩት።

«እስቲ አሁን ግፊው።»

ገፋችው። ተንገዳገደ፣ የሚቆም መሰለ፣ ከዚያ እንደ ዶሮ ልብ እየመታ መዞሩን ቀጠለ። እመቤት እንደ ልጅነቷ አጨበጨበች።

«ይህን ማን አስተማረህ?»

ነገርኳት። ተረቱንም፣ ዝናቡንም፣ ማረሻውንም። ስታድግ አንድ ተረት ነግሬያት አላውቅም ነበር። ስጨርስ «ያኔ ደጄን እንዳትረግጪ ያልኩሽ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አባባ፣ ፎጣው እየደረቀ ነው» አለች ዓይኗን ከሞተሩ ሳታነሳ። አረጠብኩት።

ጥቂት ቆይታ «ሰውየው ስሙ ማን ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ።

አሰብኩ። የአያቴን በርጩማ፣ የጭሱን ሽታ፣ በተረቱ ውስጥ ያለውን ጦርና የጅቡን እግር አንድ ሳላስቀር አስታውሳለሁ። በዝናብ እያነከሰ ማረሻችንን ያመጣልንን ሰው ግን «ቀጥቃጩ» ከማለት በቀር በስሙ የጠራው አልነበረም። እኔም ጠይቄው አላውቅም።

«አላውቀውም» አልኳት። ሲዲው ይዞራል። «እመቤት፣ ለበዓል ቤት ነይ። ይህንንም ይዘሽው ነይ፤ የመንደሩ ልጆች ይዩት።»

«ምን ይሉኛል?»

«አንቺ ሞተሩን አዙሪላቸው» አልኳት። «ማረሻውን ይዞ የመጣውን ሰው ተረት እኔ እነግራቸዋለሁ።»