ቶላ ሰፈሩን አልሸጠም

አላመንኩም። አሁንም አላምንም። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ተደወለልኝና «ቶላ አረፈ» አሉኝ። «የቱ ቶላ?» አልኩ። ሱሉልታ ውስጥ ለእኔ ሌላ ቶላ ያለ ይመስል። ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩና አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልኩ። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ እንጃ።

ኮመንት ላይ «ነፍስ ይማር» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉ። እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ለማታውቁት፣ ቶላ የታች ደሴት በረኛ ነበር። እኔ የላይ ደሴት አጥቂ ነኝ። ደሴት የምንላቸው ሰፈሮቻችንን ነው፤ ክረምት ሜዳው ላይ ውሃ ሲተኛ ሁለቱ ብቻ ከፍታ ላይ ስለሚቀሩ። ከመስቀል በኋላ ውሃው ሲሸሽ መሃል ያለው ሜዳ ላይ እንጋጠማለን። ጨዋታ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። በዚያ ሳምንት አማችና አማች እንኳን አይጠያየቅም።

ቶሌ ግን ከጨዋታው በፊት ጭቃውን አቋርጦ እኛ ጋ ይመጣል። «አካም ቡልተን»፣ እንዴት አደራችሁ፣ እያለ አንድ በአንድ ይጨብጠናል። የእኛ ልጆች ይሰድቡታል፣ እሱ ይስቃል። «ቀስ በሉ፣ ሜዳው የትም አይሄድም» ይላል። ታክሲ ሰልፍ ላይም፣ ሰርግ ላይም፣ ሰው ሲጣላም የሚላት እቺኑ ነው።

ሜዳችን ላይ መረብ የለም። ሁለት የባህር ዛፍ ቋሚ፣ ከላይ ገመድ፣ በቃ። ጠንክሮ የተመታ ኳስ በውስጥ ይለፍ በውጭ አይለይም፤ ከኋላ ያለው ረግረግ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ ዳኛችን ኦቦ ገመቹ ሲጠራጠሩ በረኛውን ይጠይቃሉ። እሱ ያለው ይፀናል። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ይሄን ስነግራቸው ይስቁብኛል፣ በረኛ በራሱ ላይ ይመሰክራል ወይ እያሉ። ቶሌ ይመሰክር ነበር። አንድ ዓመት የተሸነፉት እሱ ራሱ «ገብታለች ኦቦ» ብሎ ነው።

አሁን የምነግራችሁ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እኩል ነን፣ ሊያልቅ ነው። መታሁ። ቶሌ ተወርውሮ በፊቱ ጭቃው ውስጥ ተደፋ። ኳሷ አለፈች። ኦቦ ገመቹ መጥተው «ቶላ፣ ገባች?» አሉት። ዓይኑን በማልያው እየጠረገ «እውነቱን ልንገርዎ ኦቦ፣ አላየሁም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እሱ ፊት ለፊት ነበር። እሱን ይጠይቁት፣ ያለውን እቀበላለሁ።»

እኔ አይቻለሁ። ከቋሚው ውጭ፣ አንድ ክንድ ርቃ ነው ያለፈችው። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ገብታለች» አልኩ።

ቶሌ መጥቶ ጨበጠኝ። የእኛ ልጆች በትከሻቸው ተሸከሙኝ።

ለእሱ ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። የሰፈሩ ሰዎች መጀመሪያ «ለባላጋራ ፍርድ ሰጠብን» አሉት። ቆየት ብሎ «ተነጋግረው ነው» ሆነ። በመጨረሻ «ሰፈሩን ሸጠ» ተባለ። በረኝነቱን ቀሙት። እድር ላይ እጁን ሲያወጣ «አንተ ደግሞ ዝም በል» ይሉታል። ሚስቱ ጫልቱ ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ «የሻጩ ሚስት» ሲሏት በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰምቼ እህሌን አስፈጭቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቼው «አሁንም ይናገሩሃል?» አልኩት። «ተዋቸው። አንተ ካየህ አየህ ነው» አለኝ። አልጠረጠረኝም። ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። ቢጠረጥረኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ እውነት ሆዴ ውስጥ እያደረ ሸተተ እንጂ አልጠራም።

ባለፈው ረቡዕ ቶሌ ታሞ የተኛበት ሆስፒታል ሄድኩ። ጫልቱ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። በጣም ከስቷል፣ ጉበቱ ነው አሉኝ። «ቶሌ፣ ስለዚያች ኳስ የምነግርህ ነገር አለ» ብዬ ጀመርኩ። ዓይኑን ከድኖ ፈገግ አለ። «ዛሬ ደክሞኛል። ቀስ በል፣ ሜዳው የትም አይሄድም። ስወጣ ትነግረኛለህ።»

እሺ አልኩ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ጥቂት ቀን አተረፍኩ ብዬ እየተነፈስኩ ደረጃውን ወረድኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

የታች ደሴት ሰዎች፣ ነገ ነው የምትቀብሩት። አንሶላውን ስትሸፍኑት፣ አፈሩን ስትመልሱበት «ሻጩ» እያላችሁ እንዳይሆን፣ አፈር ስሆን። ኳሷ አልገባችም። ቶላ አልሸጣችሁም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ብቻዬን። ማንም አልመከረኝም፣ ማንም አልከፈለኝም። የምትሰድቡትን ሁሉ እኔን ስደቡኝ።

ለኦቦ ገመቹ ቅድም ደውዬ ነገርኳቸው። «ይሄን መናገር የነበረብህ ለእኔ አልነበረም» ብለው ስልኩን ዘጉት። ልክ ናቸው።

ጫልቱ፣ ነገ ድንኳኑ ጋ እመጣለሁ። ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ቆሜ እናገራለሁ። ከበር ብታስመልሽኝ አልቀየምም።

ቶሌ፣ ይቅር በለኝ ልልህ ፈልጌ ነበር። አንተ እኮ ይቅር ትለኝ ነበር፣ ሳትቆጣ፣ እየሳቅክ። አሁን ማንን ልለምን? ስምህን እንደምንም እመልስልሃለሁ፣ ሰፈሬም ይጥላኝ፣ ልጆቹም አይጨብጡኝ። አንተ ግን አትሰማውም። ሰው ሁሉ ባለበት ወደ እኔ ዞረህ «ያለውን እቀበላለሁ» ያልከውን፣ ያን ቀን ካንተ ሌላ ማንም ለእኔ አይለውም ነበር።

ነጋቲ፣ ኦቦሌሳ ኮ። ደህና ሁን ወንድሜ። እንዳመንከኝ ሄድክ።